ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ አንድ ፎልደር እንዲጋሩ ማድረግ

ቤቴ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ። አንዱ ዊንዶውስ 11 ያለበት ዴስክቶፕ ነው፤ የድምፅ ቅጂዎችን የማስተካክለው በእሱ ነው። ሁለተኛው ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ የጫንኩበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ስክሪኑም ደብዝዟል፤ ግን 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ተሰክቶበት ሌት ተቀን ይሠራል። የሥራዬ ሁሉ ማኅደር እዚያ ነው። ሦስተኛው የእህቴ ማክቡክ ነው። ለቅጂዎቹ የሽፋን ምስል የምትሠራው እሷ ናት።

ሦስቱም ያንኑ ፎልደር ይከፍታሉ። እኔ ዊንዶውስ ላይ ያስቀመጥኩትን ፋይል እህቴ ወዲያው ታየዋለች። ፍላሽ ይዞ መመላለስ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ምሽት ፈጅቶብኛል፤ ያንን ምሽት ለሌላው ማሳጠር ስለምፈልግ ነው ይህን የምጽፈው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ፎልደር አልከፍት ሲል ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኬብሉን፣ ዋይፋዩን ወይም ራውተሩን ነው። እኔ ከገጠሙኝ ችግሮች አብዛኞቹ ግን የኔትወርክ ችግር አልነበሩም። የማንነት ችግር ነበሩ። ያኛው ኮምፒውተር «አንተ ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የምንሰጠው መልስ እኛ እንደመሰለን ሳይሆን ሌላ ሆኖ ይደርሰዋል። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው።

ትዕዛዞቹንና የፎልደር ስሞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው። ተርሚናል ላይ ስትተይቡ በላቲን ፊደል መሆኑን አትርሱ።

በየትኛው ቋንቋ ይነጋገሩ?

ኮምፒውተሮች ፋይል ሲጋሩ የሚነጋገሩበት ቋንቋ (ፕሮቶኮል) አላቸው። ምርጫው በተግባር ሁለት ነው፦ ኤስኤምቢ ወይም ኤንኤፍኤስ።

ኤስኤምቢ በ1980ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አይቢኤም ውስጥ የተጀመረ ሲሆን ማይክሮሶፍት ወስዶ የዊንዶውስ ቋንቋ አደረገው። ሲአይኤፍኤስ የሚለውን ስም ካያችሁ ግራ አትጋቡ። በ1996 ማይክሮሶፍት ለዚያው ነገር ያወጣለት ስም ነው፤ ሊኑክስ ላይ እስከ ዛሬ በትዕዛዞች ውስጥ ቀርቷል። ሊኑክስ ይህን ቋንቋ የሚናገረው ሳምባ በተባለ ፕሮግራም ነው። የጀመረው አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል ነው፤ ጊዜው 1992 አካባቢ ነበር። ለፕሮግራሙ ስም ሲፈልግ ኤስ፣ ኤም እና ቢ ፊደላት በቅደም ተከተል ያሉባቸውን ቃላት ከኮምፒውተሩ መዝገበ ቃላት ፈልጎ ነው «ሳምባ»ን ያገኘው። አፕልም የራሱን የማጋሪያ ቋንቋ ኤኤፍፒን ትቶ ከ2013ቱ የማክ ስሪት ከማቬሪክስ ጀምሮ ኤስኤምቢን ቀዳሚ ምርጫው አድርጓል። ስለዚህ ሦስቱም የሚግባቡበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ነው። ከመካከላቸው አንድ ዊንዶውስ ካለ ሌላ አታስቡ።

ኤንኤፍኤስ ከሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 የመጣ ነው። ሊኑክስ ከሊኑክስ ጋር ሲሆን ደስ ይላል። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ስለ ኤስኤምቢ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ችግር ሲገጥማችሁ «ኤስኤምቢ 1ን አብሩት፣ ይሠራል» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። እባካችሁ አታብሩት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ብዙ አገሮችን ያዳረሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተሰራጨው በዚህ አሮጌ ስሪት ቀዳዳ በኩል ነው። ዊንዶውስ 10 በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ከወጣው 1709 ስሪት ጀምሮ በነባሪነት አይጭነውም። ሳምባም በ2019 ከ4.11 ጀምሮ በነባሪነት ዘግቶታል። ካልተከፈተ የማይሠራ አሮጌ መሣሪያ ካላችሁ መሣሪያውን ጡረታ አውጡት።

ከሁሉ በፊት

ፎልደሩን የሚያጋራው ኮምፒውተር አድራሻ በየቀኑ መቀያየር የለበትም። ራውተራችሁ ውስጥ ገብታችሁ ለዚያ ማሽን ቋሚ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) አስይዙለት። የእኔ ላፕቶፕ 192.168.1.20 ነው፣ ዊንዶውሱ ደግሞ 192.168.1.30። በስም መጥራት ያምራል፤ ሁሉም ነገር መሥራቱን እስክታረጋግጡ ግን በቁጥር ጥሩት። እንዲያ ስታደርጉ ቢያንስ አንድ የጥርጣሬ ምንጭ ይቀንስላችኋል።

ቀጥሎ የዊንዶውሱን የኔትወርክ ዓይነት እዩ። ሴቲንግስ ውስጥ «ፐብሊክ» ከሆነ ፋየርዎሉ ፋይል ማጋራትን ይዘጋል። በቤታችሁ ወይም በምታምኑት ኔትወርክ ላይ «ፕራይቬት» አድርጉት።

ከዚያ በሩን አንኳኩ። ኤስኤምቢ የሚገባበት በር ፖርት 445 ነው። ብዙ ሰው ፒንግ አድርጎ (‹አለህ ወይ?› የሚል አጭር መልእክት ልኮ) መልስ ሲያጣ «ኮምፒውተሩ የለም» ይላል፤ ዊንዶውስ ግን ፒንግን ዘግቶ 445ን ክፍት ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ በሩን ራሱን ጠይቁ። ሊኑክስና ማክ ላይ ኤንሲ ብላችሁ፣ ሰረዝ ቪዜድ፣ አድራሻውን፣ በመጨረሻ 445 ጻፉ። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል ከፍታችሁ ቴስት-ኔትኮኔክሽን ብላችሁ አድራሻውንና ፖርቱን ስጡት። «ተሳክቷል» ካላችሁ ኬብሉም ራውተሩም ጤነኛ ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው «አይፈቀድም» የማንነት ወይም የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ራውተሩን እያጠፋችሁ አታብሩ።

ይህ በር ለቤታችሁ ብቻ ነው። 445ን በራውተሩ በኩል ወደ ኢንተርኔት በፍጹም አትክፈቱ። ከሩቅ ፋይል የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቤት ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መንገድ) አስቀምጡና በእሱ ግቡ።

ሊኑክሱ ሲያጋራ

ላፕቶፑ ላይ ሳምባ የተባለውን ፓኬጅ ጫንኩ። የሳምባ ማስተካከያ ፋይል ኢቲሲ ውስጥ፣ ሳምባ በሚባለው ፎልደር ሥር ነው፤ ስሙ ኤስኤምቢ ነጥብ ኮንፍ። መጨረሻው ላይ አራት መስመር ብቻ ጨመርኩ። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የማጋሪያውን ስም፣ የእኔ «ኦዲዮ» ነው። ከሥሩ «ፓዝ» ብዬ ፎልደሩ ያለበትን ቦታ፤ «ሪድ ኦንሊ» ብዬ እኩል ይሆናል «ኖ»፤ «ቫሊድ ዩዘርስ» ብዬ የእኔንና የእህቴን ስም። ከዚያ ቴስትፓርም የሚለውን ትዕዛዝ ሰጠሁ፤ የፊደል ስህተት ካለ ይነግራችኋል። በመጨረሻ አገልግሎቱን እንደገና አስነሣሁት። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ስሙ ኤስኤምቢዲ ነው፣ ፌዶራ ላይ ኤስኤምቢ። ፋየርዎል ካበራችሁ ለሳምባ ፈቃድ ስጡ።

የመጀመሪያው የማንነት ወጥመድ እዚህ ጋ ነው። ሳምባ የራሱ የፓስወርድ መዝገብ አለው። ሊኑክሱ ላይ የምትገቡበትን ፓስወርድ አያውቀውም። ስለዚህ ሱዶ (ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራው ቃል) ኤስኤምቢፓስደብሊውዲ፣ ሰረዝ ኤ፣ ከዚያ የተጠቃሚውን ስም ብላችሁ እያንዳንዱን ሰው መመዝገብ አለባችሁ። ስሙ አስቀድሞ ሊኑክሱ ላይ የተፈጠረ ተጠቃሚ መሆን አለበት። ይህን ሳያደርጉ «ትክክለኛ ፓስወርድ እየጻፍኩ አይቀበለኝም» የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው፣ ፓስወርዱ ትክክል ነው፤ ግን የሌላ በር ቁልፍ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ብዙ ጊዜ በልቶብኛል። የተሰካውን ሃርድ ዲስክ ኡቡንቱ በራሱ ሲከፍተው ሚዲያ በሚባል ፎልደር ሥር፣ በእኔ ስም በተሰየመ ቦታ ያስቀምጠዋል። ያ ቦታ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው አያሳልፍም። እኔ ስገባ ይሠራል፤ እህቴ ስትገባ ባዶ ወይም «አይፈቀድም»። ፎልደሩ ላይ ያለውን ፈቃድ ስንት ጊዜ አላላሁት! ችግሩ ግን ወደ ፎልደሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ሊኑክስ ላይ አንድ ፎልደር ለመድረስ ከላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ማለፊያ ሊሰጡ ይገባል። መፍትሔው ዲስኮች የት እንደሚከፈቱ በሚዘረዝረው በኤፍኤስታብ ፋይል በኩል ዲስኩን ኤስአርቪ በሚባለው ፎልደር ሥር ቋሚ ቦታ መስጠት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ የለም። በቤት ፎልደራችሁ (ሆም) ውስጥ ያለ ነገር ለሌላ ሰው ስታጋሩም ያው ነው፤ ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ የቤት ፎልደርን ለሌሎች ዝግ አድርጎ ነው የሚፈጥረው።

ከዊንዶውስ መግባት

ፋይል ኤክስፕሎረር ከፍታችሁ፣ የአድራሻ መስመሩ ላይ ሁለት ባክስላሽ፣ አድራሻውን፣ አንድ ባክስላሽ፣ የማጋሪያውን ስም ጻፉ፦ «\\192.168.1.20\ኦዲዮ»። ከተከፈተ «ማፕ ኔትወርክ ድራይቭ» የሚለውን ነክታችሁ ፊደል ስጡት። እኔ ዜድ ሰጥቼዋለሁ። እዚያው «በሌላ መለያ ተገናኝ» የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ መጀመሪያ የሚልከው እናንተ አሁን የገባችሁበትን የዊንዶውስ ስም ነው። ሊኑክሱ ያንን ስም አያውቅም።

አንዳንዴ 1219 የሚል የስህተት ቁጥር ታያላችሁ። ትርጉሙ፦ ወደዚያው ሰርቨር በአንድ ስም ገብተህ ሳለ በሌላ ስም ልትገባ ሞከርክ። ዊንዶውስ ይህን አይፈቅድም። ትዕዛዝ መስጫውን ከፍታችሁ ኔት ዩዝ በሉ፤ ያለውን ግንኙነት ዝርዝር ያሳያችኋል። አሮጌውን በስላሽ ዲሊት አጥፉትና እንደገና ግቡ። ክሬደንሻል ማኔጀር ውስጥ የተቀመጠ የቆየ ፓስወርድ ካለም ሰርዙ።

ፓስወርድ በሌለው እንግዳ ስም መግባትን እርሱት። ዊንዶውስ 11 ፕሮ ከ24ኤች2 ስሪት ጀምሮ ይህን በነባሪነት ይከለክላል፤ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ሰው የራሱ ስምና ፓስወርድ ይኑረው።

ዊንዶውሱ ሲያጋራ

የዊንዶውሱ ሁለተኛ ዲስክ ላይ «ቅጂ» የሚል ፎልደር አለኝ። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ማኅደር በየሌሊቱ ወደዚያ ይገለበጣል፤ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው እንዲኖር። ፎልደሩን በቀኝ ነክታችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሼሪንግ፣ ከዚያ «አድቫንስድ ሼሪንግ» ግቡ። እዚህ ሁለት በሮች እንዳሉ እወቁ። ሼሪንግ በሚለው ገጽ የሰጣችሁት ፈቃድ አንዱ ነው፤ ሴኩሪቲ በሚለው ገጽ ያለው ሌላው። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፣ የጠበቀውም ያሸንፋል። አንዱን ብቻ ከፍታችሁ «አሁንም አይጽፍም» እያላችሁ አትድከሙ።

እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማኳ ወደዚህ ዊንዶውስ ልትገባ ስትሞክር አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ስሙን ጻፈች፣ ከዚያ አራት አሃዝ። ሳጥኑ ግራና ቀኝ ተንቀጠቀጠና ባዶ ሆነ። እንደገና አራት አሃዝ። ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ላይ እጇን ያዝኩት። የምትጽፈው ዴስክቶፑ ሲከፈት የምንነካውን ፒን ነበር። ፒን የሚሠራው እዚያው ማሽን ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው፤ በኔትወርክ በኩል አያስገባም። የሚፈለገው የመለያው ፓስወርድ ነው። በማይክሮሶፍት መለያ የምትገቡ ከሆነ ስሙ የኢሜይል አድራሻችሁ፣ ፓስወርዱም የዚያ መለያ ነው። ፓስወርድ የሌለው መለያ ካላችሁ ደግሞ ዊንዶውስ በነባሪነት በኔትወርክ አያስገባውም።

እኔ የመረጥኩት ከዚህ ሁሉ የሚቀል ነው። ዊንዶውሱ ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ሌላ የአካባቢ ተጠቃሚ ፈጠርኩ፣ ጠንካራ ፓስወርድ ሰጠሁት፣ ለዚያ አንድ ፎልደር ብቻ ፈቃድ ሰጠሁት። የራሴ የኢሜይል ፓስወርድ ሌላ ማሽን ላይ በፋይል ተጽፎ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

ሊኑክስ ላይ ማውንት ማድረግ

አሁን ልቤ ያለበት ክፍል ደረስን። ማውንት ማድረግ ማለት የሌላውን ማሽን ፎልደር በራሳችን ማሽን ላይ ካለ ባዶ ፎልደር ጋር ማያያዝ ነው።

መጀመሪያ ሲአይኤፍኤስ-ዩቲልስ የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ካልጫናችሁ «የተሳሳተ የፋይል ሲስተም ዓይነት» ብሎ ስለ ሱፐርብሎክ የሚያወራ ረጅም መልእክት ይሰጣችኋል። ዲስካችሁ የተበላሸ ይመስላችኋል፤ አልተበላሸም፣ ረዳት ፕሮግራሙ የለም ማለት ነው። ከዚያ ኤምኤንቲ በሚባለው ፎልደር ሥር ባዶ ፎልደር ፍጠሩ። የእኔ «ቅጂ» ነው።

ትዕዛዙ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ሱዶ ማውንት፣ ሰረዝ ቲ፣ ሲአይኤፍኤስ፣ ሁለት ስላሽና አድራሻው፣ ስላሽና የማጋሪያው ስም፣ ክፍት ቦታ፣ የባዶው ፎልደር ቦታ፣ ሰረዝ ኦ፣ ከዚያ ዩዘርኔም እኩል ይሆናል ብላችሁ ዊንዶውሱ የሚያውቀውን ስም። ፓስወርዱን እዚያው አትጻፉት። ካልጻፋችሁት ራሱ ይጠይቃችኋል፤ ከጻፋችሁት በትዕዛዞች ታሪክ ውስጥ ይቀራል።

እኔ ይህን ሠርቼ ኢንተር ስነካ ምንም አላለም። ሊኑክስ ዝም ካለ ሠርቷል ማለት ነው። ፎልደሩን ከፈትኩት። ፋይሎቹ ሁሉ አሉ። አንዱን ቅጂ አጫወትኩት፣ ተጫወተ። ደስ ብሎኝ አዲስ ፋይል ላስቀምጥ ስል፦ «ፈቃድ የለህም»።

ወደ ዊንዶውሱ ሄድኩ። ፈቃዱን አሰፋሁ። አልሠራም። «ለሁሉም ሰው፣ ሙሉ ፈቃድ» አደረግኩት። አልሠራም። ሰዓቱ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ተመልሼ ላፕቶፑ ላይ ኤልኤስ፣ ሰረዝ ኤል አልኩ። እያንዳንዱ መስመር ላይ የባለቤቱ ስም «ሩት»፣ የቡድኑም «ሩት»። ሩት የሊኑክሱ ዋና አስተዳዳሪ ነው። የመጻፍ ፈቃድ ያለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ዊንዶውሱ ምንም አልከለከለኝም ነበር። የከለከለኝ የራሴው ሊኑክስ ነው! ማውንቱን የሠራው ሱዶ ስለሆነ ፋይሎቹን ሁሉ የሩት ናቸው ብሎ ወሰደ፤ እኔ ደግሞ ሩት አይደለሁም።

መድኃኒቱ ሁለት ቃል ነው። ከሰረዝ ኦ በኋላ፣ በነጠላ ኮማ ለይታችሁ፣ ክፍት ቦታ ሳታስገቡ፣ ዩአይዲ እኩል ይሆናል 1000 እና ጂአይዲ እኩል ይሆናል 1000 ጨምሩ። 1000 ብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ቁጥር ነው፤ የእናንተን አይዲ በሚለው ትዕዛዝ አረጋግጡ። ይህን አድርጌ ኤልኤስ ስል የእኔ ስም ወጣ። ፋይሉ ገባ። ከዚያ ዊንዶውሱ ላይ የበተንኩትን ፈቃድ ሁሉ ሰበሰብኩ። እናንተም መሰብሰቡን አትርሱ፤ ብዙ ሰው ችግሩን ሲፈልግ የከፈተውን በር እንደከፈተ ይተወዋል።

ሌሎች ሁለት ቁጥሮች ይገጥሟችኋል። ስህተት 13 ካላችሁ ስሙ ወይም ፓስወርዱ ተቀባይነት አላገኘም፤ የማንነት ጉዳይ ነው። ስህተት 112 ካላችሁ «ሆስቱ ወድቋል» ይላል፤ 445 ክፍት መሆኑን አይታችሁ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የስሪት አለመግባባት ነው። ቬርስ እኩል ይሆናል 3.0 ብላችሁ ሞክሩ። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል 4.13 ከመውጣቱ በፊት የነበሩ ሊኑክሶች በነባሪነት ኤስኤምቢ 1ን ነበር የሚጠይቁት፤ አዲስ ዊንዶውስ ደግሞ አይመልስላቸውም።

በራሱ እንዲነሣ፣ ግን በጥንቃቄ

ኮምፒውተሩ ሲነሣ ማውንቱም አብሮ እንዲነሣ ኢቲሲ ውስጥ ያለው ኤፍኤስታብ ላይ አንድ መስመር ጻፉ። አድራሻው፣ የባዶው ፎልደር ቦታ፣ ሲአይኤፍኤስ፣ አማራጮቹ፣ በመጨረሻ ሁለት ዜሮ። የማጋሪያው ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ በእሱ ፋንታ ባክስላሽና 040 ይገባል፤ ይሻላል የምለው ግን ስሙን ያለ ክፍት ቦታ ማውጣት ነው።

ፓስወርዱ ለብቻው ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። አንድ መስመር ዩዘርኔም፣ አንድ መስመር ፓስወርድ፤ በእኩል ይሆናል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አይኑር። ፋይሉን የሩት አድርጉና ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው ሲኤችሞድ 600 ስጡት። ከዚያ ኤፍኤስታብ ላይ ክሬደንሻልስ እኩል ይሆናል ብላችሁ ቦታውን ጠቁሙ። ከአማራጮቹ መካከል ኖፌይል ይኑር፤ ዊንዶውሱ ጠፍቶ ቢገኝ ላፕቶፑ እሱን እየጠበቀ እንዳይቆም። ኤክስ-ሲስተምዲ ነጥብ አውቶማውንት የሚለውንም እወደዋለሁ፤ ማውንቱን የሚሠራው ፎልደሩ ሲነካ ብቻ ነው። ጨርሳችሁ ኮምፒውተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት ሱዶ ማውንት፣ ሰረዝ ኤ በሉ። ስህተት ካለ ያኔውኑ ይታያል።

አሁን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት ዊንዶውሱ ጠፍቶ ነበር። ማውንቱ አልተነሣም። የመገልበጫ ስክሪፕቴ ግን ይህን አላወቀም፤ ኤምኤንቲ ሥር ያለው «ቅጂ» የሚባል ፎልደር እንዳለ አገኘውና መጻፍ ጀመረ። ያንን ባዶ ፎልደር በራሴ ስም ፈጥሬው ስለነበር የከለከለው የለም። ማኅደሩ ሁሉ ወደ ላፕቶፑ 128 ጊጋ የውስጥ ዲስክ መፍሰስ ጀመረ። ጠዋት ስነሣ ዲስኩ ጢም ብሏል፣ ሲስተሙ ተንቀራፏል። ይባስ ብሎ ዊንዶውሱን አብርቼ ማውንቱ ሲነሣ እነዚያ ፋይሎች ከዓይኔ ተሰወሩ። ማውንቱ ከላይ ስለተነጠፈ ከሥሩ ያለው አይታይም። ዲስኩ ሞልቷል፣ ፋይሎቹ ግን የሉም። ማውንቱን ነቅዬ ሳይ ነው ቁልል ብለው ያገኘኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ማውንቱ በሌለበት ሰዓት ባዶውን ፎልደር ሱዶ ቻተር፣ ፕላስ አይ ብዬ እቆልፈዋለሁ። ይህ ኤክስት4 በተባለው የሊኑክስ የፋይል ሲስተም በተዘጋጀ ዲስክ ላይ ይሠራል፤ ሩት እንኳ ሊጽፍበት አይችልም። ማውንቱ ሲነሣ ግን ቁልፉ እንቅፋት አይሆንም፤ መጻፍ የሚቻለው ማውንቱ ካለ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመሩ ላይ ማውንትፖይንት የሚለውን ትዕዛዝ ይጠይቃል። «ማውንት አይደለም» ከተባለ ያቆማል፣ ይነግረኛል። ይህን ምዕራፍ ሁሉ ብትረሱ እነዚህን ሁለቱን ያዙ።

ማክ

ማኩ ብዙ አያስቸግርም። ፋይንደር ውስጥ ኮማንድና ኬ ነክታችሁ ኤስኤምቢ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ስላሽ፣ አድራሻውንና ስሙን ጻፉ። ማውንት የሚሆነው ቮልዩምስ ሥር ነው። ማኩ ራሱ ሲያጋራ ግን አንድ የተደበቀ ምልክት አለ፦ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ ሼሪንግ፣ ፋይል ሼሪንግ ገብታችሁ በአማራጮቹ ውስጥ «የዊንዶውስ ፋይል ማጋራት» በሚለው ሥር የተጠቃሚውን ስም ምረጡ። ያለዚያ ከዊንዶውስ የሚመጣ ሰው ትክክለኛ ፓስወርድ ይዞም በር ላይ ይቀራል።

ኤንኤፍኤስ፦ ስም ሳይሆን ቁጥር

ሊኑክስ ከሊኑክስ ከሆነ ኤንኤፍኤስ ፈጣንና ቀላል ነው፤ በሩ 2049 ነው። ግን የማንነት ጥያቄው እዚህ ፈጽሞ ይለያል። በተለመደው አሠራር ስምና ፓስወርድ አይጠይቅም። የሚያምነው የማሽኑን አድራሻና የተጠቃሚውን ቁጥር ነው። ሊኑክሱ ላይ እኔ 1000 ነኝ። ማክ ላይ የመጀመሪያው ተጠቃሚ 501 ነው። እህቴ በኤንኤፍኤስ ፋይል ብታስቀምጥ ላፕቶፑ ላይ ባለቤቱ «501» ተብሎ በደረቅ ቁጥር ይታያል፤ እዚያ እንዲህ የሚባል ሰው የለማ። እኔ ሩት ሆኜ ብመጣ ደግሞ ሰርቨሩ ሩትነቴን ገፍፎ «ማንም» ያደርገኛል። ይህ ጥበቃ ነው፤ ለመመቸት ብላችሁ አታንሡት። ቁጥሮቹን ማስማማት ይሻላል።

የትኛው ማሽን ምን እንደሚፈቀድለት በሚጻፍበት፣ ኤክስፖርትስ በሚባለው ፋይል ላይ ስትጽፉ በአድራሻውና በቅንፉ መካከል ክፍት ቦታ አታስገቡ። አንድ ክፍት ቦታ ትርጉሙን ይለውጠዋል፤ በቅንፉ ውስጥ ያለው የመጻፍ ፈቃድ ለዚያ ማሽን ሳይሆን ለመጣው ሁሉ ይሆናል። ይህን ስህተት ዓይን በቀላሉ አያየውም፣ ስለዚህ ሁለቴ አንብቡ። ከማክ ስትገቡ «አይፈቀድም» ከተባላችሁ ማክ በኩል ሬዝቭፖርት የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ ሊኑክሱ ከ1024 በታች ካለ ፖርት የመጣ ጥያቄ ስለሚጠብቅ ነው።

የፋይል ስም

በአማርኛ ስም ለምናወጣ ሰዎች አንድ ነገር አለ። ኤክስት4 ላይ አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት መብለጥ አይችልም። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት ዘዴ) ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ጣሪያው 85 ፊደል ነው። አራት ነጥቡም፣ ነጠላ ሰረዙም እንደ ፊደል ሦስት ሦስት ባይት ይወስዳሉ። ዊንዶውስ በራሱ የፋይል ሲስተም በኤንቲኤፍኤስ ላይ ግን የሚቆጥረው በባይት አይደለም፤ እስከ 255 ፊደል ድረስ ይቀበላል። የተናጋሪውን ስም፣ ርዕሱንና ቦታውን ሁሉ በፋይሉ ስም ውስጥ የምጽፍ ሰው ነበርኩ። ዊንዶውሱ ላይ ያለ ችግር የኖረ ፋይል ወደ ላፕቶፑ አልገለበጥ ሲል ፈቃዱን ነበር የመረመርኩት። የከለከለው የስሙ ርዝመት ነበር።

በተቃራኒው ሊኑክስ የሚቀበላቸው፣ ዊንዶውስ ግን የማይቀበላቸው ምልክቶች አሉ፦ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ ድርብ ጥቅስ፣ የላቲኑ ሁለት ነጥብ። ሰዓትን በሁለት ነጥብ ለይታችሁ የሰየማችሁት ቅጂ በሳምባ በኩል ዊንዶውስ ላይ ሲታይ ስሙ ተቆራርጦ ሊመጣ ይችላል። እኔ አሁን ሰዓትን በሰረዝ ነው የምለየው።

ስትነቅሉ

ሥራ ጨርሳችሁ ማውንቱን ለመንቀል ዩማውንት ስትሉ «ተይዟል» ሊላችሁ ይችላል። ትዕዛዙ ዩ እና ማውንት ነው፤ መካከሉ ላይ ኤን የለም። ተይዟል ካለ መጀመሪያ የራሳችሁን ተርሚናል እዩ፤ ብዙ ጊዜ የያዘው እዚያው ፎልደር ውስጥ የቆመው ተርሚናላችሁ ነው። ሲዲ ብላችሁ ውጡ። አሁንም ከሆነ ፉዘር፣ ሰረዝ ቪኤም ብላችሁ ፎልደሩን ስትሰጡት የያዘውን ፕሮግራም በስሙ ይነግራችኋል። ያንን ዝጉና ደግማችሁ ሞክሩ። ያኛው ማሽን ጠፍቶ ከሆነና ምንም ካልመለሰ ዩማውንት፣ ሰረዝ ኤል በሉ፤ ከዓይን ወዲያው ይነቅለዋል፣ የቀረውን ኋላ ያጸዳል። ፋይል በመገልበጥ ላይ ሳለ ግን አትጠቀሙበት፤ ገና ያልደረሰ ነገር መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።